የናፍጣ ሞተርሆም አልሞቅ ሲል፦ ሴንሰር፣ ቴርሞስታት፣ ፋን ወይስ መሸፈኛ?

ሀገር ቤት መኪና የነዳ ሰው የሚፈራው የሞተር መፍላትን ነው። ዓባይ በረሃን ሲወጣ ዓይኑ ከሙቀት ጌጁ አይነቀልም። መርፌዋ ወደ ቀዩ ከተጠጋች ጥግ ይይዛል፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ውሃ ይፈልጋል። መርፌዋ ዝቅ ስትል ግን ማንም አይደነግጥም። እንዲያውም ደስ ይለናል። «ቴርሞስታቱን አውጥቼልሃለሁ፣ ከእንግዲህ አትፈላም» የሚል መካኒክ ያላጋጠመው ሹፌር ጥቂት ነው። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፈት ትንሽ በር ነው።

ይህ ልማድ አብሮን ይሰደዳል። አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። ከነዚህ ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ የሚዞርበት ያገለገለ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ መኖሪያ ቤት የሆነ መኪና፣ የሚገዛ ሰው አለ። ሞተሩ ለእሱ አዲስ አይደለም፤ ከሚንስ፣ ካተርፒላር ወይም ዲትሮይት ነው። የአጎቴ ልጅም እንዲህ ነው የገዛው። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ይኖራል። የሱ ሞተርሆም 40 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ ፑሸር የሚባለው ዓይነት ነው።

በብርዱ ወቅት በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ካንሳስ ሲሄድ ጌጁ ከ150 ፋራናይት አልወጣ አለው። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ለሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ። አንድ ጋራዥ ወስዶ አሳየ፤ የውሃውን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ቀየሩለት፣ ለውጥ የለም። ሌላ ሰው «ራዲያተሩን ሸፍነው» አለው። ከፊት የሚታሰር ሸራ ገዛ። አሁንም ለውጥ የለም። የሱ ሞተርሆም ራዲያተር ከፊት አይደለማ! ከኋላ ነው ያለው። ችግሩ ቴርሞስታቱ ነበር። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ለአሥር ደቂቃ መለካት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የኔን አስተያየትም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ስንት ሲሆን ነው «ዝቅ አለ» የሚባለው?

ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የሚገጠመው ቴርሞስታት ብዙ ጊዜ መከፈት የሚጀምረው በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በፋራናይት 180 ወይም 190 ማለት ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የሞተሩ መመሪያም ይነግራችኋል። መጀመሪያ ይህን ቁጥር እወቁ። የ180 ቴርሞስታት ያለው ሞተር 180 ላይ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጤነኛ ነው። የጎረቤት መኪና 195 ስላሳየ ብቻ ዕቃ አይቀየርም።

እኔ የምጠቀምበት መስፈርት ቀላል ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ግማሽ ሰዓት ንዱ። ጌጁ ከቴርሞስታቱ ቁጥር በ10 ፋራናይት ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ከቆየ መመርመር አለበት።

ሁለት ሁኔታዎች ግን ያሳስታሉ። አንደኛው በሚኒሞ መቆም ነው። የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነዳጅ በጣም ትንሽ ነው። የሚፈጥረው ሙቀትም ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። በከባድ ብርድ ለአንድ ሰዓት በሚኒሞ ቢቆም ጤነኛ ሞተርም ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ረጅም ቁልቁለት ነው። ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዴንቨር ስትወርዱ ከ3,400 ሜትር ወደ 1,600 ሜትር ትወርዳላችሁ። እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ተነስቷል፤ የሞተር ፍሬን ይሠራል፤ ሞተሩ ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም ማለት ይቻላል። መርፌዋ ብትወርድ አይገርምም። ሜዳ ላይ ስትደርሱ ቶሎ ከተመለሰች ተዉት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። እየነዳችሁ ሳለ ጌጁ በድንገት ዜሮ ላይ ቢወድቅ «ቀዘቀዘ» ብላችሁ አትቀጥሉ። ጥግ ይዛችሁ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ሴንሰሩ ትክክለኛውን የሚነግራችሁ ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል። ጌጁ ዝቅ ብሎ እያሳየ ሞተሩ ሊነድ ይችላል።

ቢቀዘቅዝ ምን ይጎዳል?

ብዙ። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ግድግዳውን አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል። ዘይቱ ውስጥ የገባ እርጥበትም ሞቆ አይተንም፤ ዝቃጭ ይሆናል። ነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል። ከፊት ያለው ሄተር ለብ ያለ አየር ብቻ ይነፋል። ሕጻናት ላሉበት ቤተሰብ ይህ ብቻውን ጉዞ ያበላሻል።

በፈረንጆቹ ከ2007 በኋላ በተሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ማርሚታው ውስጥ ጥቀርሻ የሚያጠራቅም ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ጥቀርሻውን በሙቀት በማቃጠል ነው። ብዙ ሞተሮች ውሃው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ካልደረሰ ማጽዳቱን አይጀምሩም። ማጣሪያው ይሞላል፣ መብራት ይበራል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ከ2010 ወዲህ ያሉት ደግሞ ዴፍ የሚባለውን የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ዴፍ በ11 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይረጋል። ታንኩን የሚያሞቀው ብዙ ጊዜ ያው የሞተሩ ውሃ ነው። አንድ ርካሽ ቴርሞስታት ስለተበላሸ ሰዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለማጣሪያ ሲከፍሉ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

በምን እንለካ? ሦስቱ መሣሪያዎች

የዳሽቦርዱ ጌጅ በእጃችሁ ያለ ነው። ግን ብቻውን አይታመንም። አንዳንዱ ሞተርሆም ላይ ጌጁ ከሞተሩ ኮምፒውተር መረጃ ይቀበላል። አንዳንዱ ላይ ግን የራሱ ለብቻው የተገጠመ ሴንሰር አለው። ከኋላ እስከ ፊት ድረስ ከአሥር ሜትር በላይ ሽቦ ተዘርግቷል። መካከል ላይ የዛገ ማያያዣ ወይም የላላ ምድር ሽቦ ካለ መርፌዋ ትዋሻለች።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ ነው። በከባድ ቻሲ ላይ ባለ 9 ቀዳዳ ክብ ሶኬት ታገኛላችሁ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነው። ለትናንሽ መኪኖች የሚሸጠው ርካሽ አንባቢ እዚህ አይሠራም፤ ጄ1939 የሚባለውን የትራክ ኮምፒውተር ቋንቋ የሚያነብ ያስፈልጋል። የትራክ ሹፌር ጓደኛ ካላችሁ ተዋሱት፤ ብዙዎቹ አላቸው። ችግሩ የቱ ላይ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ኤስፒኤን ይባላል። የውሃ ሙቀት ኮድ ኤስፒኤን 110 ነው፤ የውሃ መጠን ደግሞ 111። ኮዱ ሽቦውን ነው ወይስ ሙቀቱን ራሱን የሚለው? ከ110 ቀጥሎ የሚመጣው ኤፍኤምአይ፣ የብልሽቱን ዓይነት የሚናገረው ቁጥር፣ ይለየዋል። 3 ወይም 4 ከሆነ የኤሌክትሪክ ችግር ነው። 17 ወይም 18 ከሆነ ሙቀቱ በእርግጥ ከሚጠበቀው በታች ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው የእጅ ሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ነው፤ ኢንፍራሬድ የሚባለው። ርካሽ ነው፣ ሁሉም ቤት ቢኖር እመኛለሁ። ግን አጠቃቀሙን ማወቅ ይፈልጋል። የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ካነጣጠራችሁ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ጥቁር ጎማ ቱቦ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አነጣጥሩ። የሚያብለጨልጭ ብቻ ካገኛችሁ ጥቁር ቴፕ ለጥፉበትና ቴፑን ለኩ።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሽጉጡን እመርጣለሁ። ኮምፒውተሩ የሚያምነው ሴንሰሩን ነው። ሽጉጡ ማንንም አያምንም።

ሴንሰር ወይስ ቴርሞስታት?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ሴንሰር መቀየር ይቀላል፤ ስለዚህ ብዙ ጋራዥ ከሱ ይጀምራል። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

ሞተርሆሙ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሳ ይደር። ጠዋት ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ ሞተሩን አታስነሱ። በአንባቢው የውሃውን ሙቀት፣ ሞተሩ የሚስበውን አየር ሙቀትና የውጭውን አየር አስተያዩ። ሁሉም ሌሊቱን አብረው ስላደሩ መቀራረብ አለባቸው። የውሃው ብቻ ተነጥሎ በ15 ወይም 20 ዲግሪ ከራቀ ሴንሰሩ ተጠርጣሪ ነው። 40 ከዜሮ በታች ካሳየ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ማያያዣው ወልቋል ማለት ነው። ቁጥሩ በሴልሺየስም በፋራናይትም ያው 40 ስለሆነ ማንም አይስተውም።

አሁን ሞተሩን አስነሱ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የላይኛውን ቱቦ ፈልጉ። ፑሸር ላይ ሞተሩ አልጋ ሥር ነው፤ ፍራሹን አንስታችሁ ክዳኑን ትከፍታላችሁ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ሞተር እየሠራ ክዳን ስትከፍቱ የጭስ ጋዝ መኝታ ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል። መስኮትና በር ክፈቱ፤ ልጆች ውጭ ይሁኑ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን አረጋግጡ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ጸጉር ከችንጋና ከፋን ይራቅ። ከኋላ በኩል ያለውን በር ከፍቶ መለካት ከተቻለ ያ ይሻላል።

ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነ የላይኛው ቱቦ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ቱቦው ግን አይሞቅም። ከዚያ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ቱቦው በአንድ ጊዜ ይግላል። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ከሆነ ግን ቱቦው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ ይላል። የአጎቴ ልጅ መኪና ላይ ያየነው ይህንን ነው። ሞተሩ 100 ፋራናይት ሲደርስ ቱቦው 90 ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክር አያስፈልግም።

መንገድ ላይ ያለው ጠባይም ይለያያል። ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ የሚጨምር፣ ሜዳና ቁልቁለት ላይ የሚወርድ፣ ብርድ ሲበረታ የሚብስ ከሆነ ቴርሞስታት ነው። ዳገት ቢወጣ፣ ቁልቁለት ቢወርድ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ የሚቆም፣ ወይም ጉድጓድ ሲመታ የሚዘል ጌጅ ከሆነ ሴንሰር ወይም ሽቦ ነው። የፊት ሄተሩ እሳት የመሰለ አየር እየነፋ ጌጁ 140 ካለ ጌጁን አትመኑት።

ቴርሞስታት ለምን ተከፍቶ ይቀራል? ውስጡ ሰም አለ። ሰሙ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ዘንግ ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል። ሲቀዘቅዝ ስፕሪንግ መልሶ ይዘጋዋል። ዓመታት ሲያልፉ ስፕሪንጉ ይደክማል፣ ዙሪያው ያለው ጎማ ይበላል፣ ወይም ዝገትና ቆሻሻ በሩ ላይ ይጣበቃል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት በቂ ነው። በበጋ አይታወቅም፤ ብርድ ሲመጣ ይጋለጣል።

ያወጣችሁትን ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ታችኛውን እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥሉት፤ የምግብ ቴርሞሜትር ጨምሩ። ድስቱን ከዚያ በኋላ ለምግብ አትጠቀሙበት። ገና ሲገባ በሩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ መልሱ ተገኝቷል። ከፍታ ላይ የምትኖሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዴንቨር ላይ በ95 ገደማ። የ88 ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ሌላ አሥር ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ብቻ ቢከፈት «ተበላሽቷል» አትበሉ። ለኛ ችግር የሚያስፈልገን መቼ መከፈት እንደጀመረና ሲቀዘቅዝ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱ ነው።

ፋኑ ሁልጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ

ሰዎች ፋኑን ቶሎ ይከሳሉ። እኔ ሁለተኛ ነው የማስቀምጠው። ቴርሞስታቱ በትክክል ከተዘጋ ፋኑ ራዲያተሩን ቢያቀዘቅዝ እንኳን ያ ውሃ ወደ ሞተሩ አይገባም። ፋን ብቻውን ሞተር 150 ላይ አያስቀምጥም። ትንሽ የሚያሾልክ ቴርሞስታት ላይ ሲደመር ግን ችግሩን ያጎላዋል፤ ነዳጅም ይበላል።

ራዲያተራቸው ከጎን የሆኑ ፑሸሮች ላይ ፋኑን የሚያዞረው ሃይድሮሊክ ነው። ብዙዎቹ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ ሲያጣ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሞተሩ እንዳይፈላ ታስቦ ነው። ስለዚህ ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ከኋላ እንደ አውሮፕላን የሚጮህ ድምፅ ከሰማችሁ ፊውዝና ማያያዣ ፈትሹ። ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝና የሚለይ፣ በአየር የሚሠራ የፋን ክላች ያላቸውም ብዙዎቹ አየሩ ሲሾልክ ፋኑን ያያይዙታል። የትራክ ሹፌሮች ይህን ያውቁታል።

የፊት ሄተር ብቻ ከቀዘቀዘ

ጌጁ ትክክል ከሆነ፣ ሽጉጡም ሞተሩ እንደሞቀ ካረጋገጠ፣ ቴርሞስታቱን አትንኩ። ፑሸር ላይ የሄተሩ ውሃ ከኋላ ተነስቶ እስከ ፊት ሄዶ ይመለሳል። ሞተሩ አጠገብ ያለው መዝጊያ ቫልቭ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ውስጥ አየር ታስሮ ሊሆን ይችላል። በመኪናው ሥር ቱቦው ሽፋኑ ወልቆ በነፋስ እየቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሄተር ቱቦዎች ፊት ላይ ለኩ። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ውስጡ በደንብ አይዞርም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በነጻ የሚፈታ ችግር ነው።

መሸፈኛ፣ ብሎክ ሄተር፣ በናፍጣ የሚነድ ሄተር

እነዚህ ሦስቱ የተበላሸ ቴርሞስታት አይተኩም። ሁሉም ግን ቦታ አላቸው።

የራዲያተር መሸፈኛ ሚኒሶታና ዳኮታ ለሚነዳ ትራክ ጥሩ ነገር ነው። ፑሸር ላይ ግን ከፊት ማሰር ምንም አይጠቅምም። ከኋላም ብትሸፍኑ ከራዲያተሩ ጋር ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለርንም ትሸፍናላችሁ። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በጣም ይሞቃል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጨነቃል። ጭራሽ አትዝጉት። ሞተሩ ከፊት በሆነ ሞተርሆም ላይ በጣም ከባድ ብርድ ከሆነ በከፊል መሸፈን ይቻላል። ብርዱ ሲላላ ግን አንሱት። እኔ ቴርሞስታቱ ጤነኛ መሆኑን ሳላረጋግጥ መሸፈኛ አልመክርም። ምልክቱን ይደብቅና ዘይቱ መበላሸቱን ይቀጥላል።

ብሎክ ሄተር ለማስነሳት ነው። በ120 ቮልት ይሰካል፤ ብዙዎቹ ከ750 እስከ 1,500 ዋት ይስባሉ። ከመነሳታችሁ ከሦስት አራት ሰዓት በፊት ሰኩት። ሞተሩ በቀላሉ ይነሳል፣ ቶሎም ይሞቃል። መንገድ ላይ ግን ሥራ የለውም። ቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ አትጠቀሙ፤ እሳት ያስነሳል።

በናፍጣ የሚነድ የውሃ ማሞቂያ፣ ለምሳሌ ዌባስቶ ወይም አኳ-ሆት፣ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። በብዙ አገጣጠሞች ቤቱንም ሞተሩንም ያሞቃል። ቆማችሁ ስታድሩ ሞተር በሚኒሞ ከማሠራት በብዙ እጥፍ ይሻላል። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከሌላችሁ ለዚህ ችግር ብላችሁ አትግዙ።

የትኛውን ቴርሞስታት?

የሞተሩ አምራች የሚሸጠውን ግዙ። ርካሹ ከዋናው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ከግማሽ ታንክ ናፍጣ አይበልጥም። ሥራው ግን ያው ነው፤ ውሃ ማውጣት፣ መፍታት፣ መሙላት። ሁለት ጊዜ መሥራት ይከፋል። ጋስኬትና የጎማ ማሸጊያውን አብራችሁ ቀይሩ። ዲትሮይት ሲሪስ 60 ያላችሁ፣ ሞተሩ ሁለት ቴርሞስታት አለው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

«ከፍ ያለ ቁጥር ልግጠም፣ የበለጠ ይሙቅልኝ» የሚል ጥያቄ ብዙ እሰማለሁ። አታድርጉት። ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ የሚመጥንበት ስሌት፣ ሁሉም በዋናው ቁጥር ላይ የተሠሩ ናቸው። 180 የተጻፈለት ሞተር 180 ይግባለት።

ጭራሽ ማውጣትስ? ያ የሀገር ቤት ልማድ እዚህ ድርብ ጉዳት አለው። ብዙዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት ውሃው ወደ ሞተሩ ተመልሶ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ሜዳ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ከባድ ዳገት ላይ ደግሞ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ስለሚመለስ ሊፈላ ይችላል።

በራስ ወይስ በጋራዥ?

ቁልፍ የለመደ ሰው ይችለዋል። የሚያስቸግረው ቦታው ነው፤ አልጋ ሥር አጎንብሶ መሥራት ያደክማል። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ የራዲያተር ክዳን ትኩስ ሆኖ ከተከፈተ ፊት ያቃጥላል። ውሃውን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከቴርሞስታቱ ቤት በታች እስኪወርድ ይበቃል። የወጣውን በንጹህ ዕቃ ያዙት። አንቱፍሪዝ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ሕጻንም ሊቀምሰው ይችላል። መሬት ላይ አታፍስሱት።

ስትሞሉ ያው የነበረውን ዓይነት መልሱ። ቀለም አይታመንም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደረጃ አንብቡ። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል የተደባለቀ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ሳይደባለቅ ንጹሁን መሙላት የተሻለ የሚመስለው አለ። ስህተት ነው፤ ንጹሁ ከድብልቁ በጣም ቀድሞ ይረጋል፣ ሙቀትም በደንብ አይሸከምም።

ለጋራዥ ከሆነ የትራክ ጋራዥ ምረጡ። ሞተርሆም የሚሸጡ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ቤቱን ነው፤ ፍሪጁን፣ መታጠቢያውን፣ ጣራውን። ሞተሩ የትራክ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና 40 ጫማ የሚገባበት በር እንዳላቸው ጠይቁ። የለካችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ የጠዋቱን፣ የቱቦውን፣ የሜዳውን። ቁጥር ይዞ የመጣ ደንበኛ ላይ ሴንሰር በግምት አይቀየርበትም።

ቴርሞስታቱ ከተቀየረ በኋላ ሄተሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ሞተሩን አሙቁት፤ አየሩ እንዲወጣ። ከዚያ አጥፍታችሁ ሌሊቱን ይቀዝቅዝ። ጠዋት የውሃውን መጠን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ይጎድላል፣ ጨምሩበት። ከሁለተኛው ቀን በኋላም አንዴ እዩት። የአጎቴ ልጅ መኪና በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሊትር ገደማ ጎደለበት፣ በሁለተኛው ምንም። ከዚያ በአይ-70 ሲነዳ መርፌዋ 182 ላይ ቆመች፤ ልጆቹም ከኋላ ጃኬታቸውን አወለቁ።